የሚወረሰው ተጋላጭነቱ ነው፦ ስለ ሩማቶይድ አርትራይተስና መሰል በሽታዎች

(የመግቢያ ሙዚቃ)

የዛሬው የጤና ትምህርት ዝግጅታችን ስለ መገጣጠሚያ ሕመም ነው። ጣታቸው አብጦ፣ አንጓቸው ጎብጦ ወደ ሕክምና የሚመጡ እናቶች ስለ ራሳቸው ስቃይ ተናግረው ሲጨርሱ ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ፤ «ይህ ነገር በዘር ይተላለፋል ወይ? ልጆቼንም ይይዛቸው ይሆን?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ከተገኘ ቆይቷል፤ ሆኖም በየቤቱ በትክክል አልደረሰም። ስለዚህ ዛሬ ጊዜ ወስደን በዝርዝር እንመልሰዋለን።

መልሱን በአጭሩ ከፊት ላስቀምጠው። ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያልፈው ተጋላጭነት ነው፤ በሽታው ራሱ አይደለም። ተጋላጭነቱን የወረሰ ሰው ሁሉ አይታመምም፤ እንዲያውም አብዛኛው ሳይታመም ዕድሜውን ይጨርሳል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ከበሽታው እንጀምር።

ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው ሕመም በአገራችን ብዙ ጊዜ ቁርጥማት ወይም ሪህ ከሚባሉት ጋር ተደባልቆ ይጠራል። ሪህ ግን በደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ በዝቶ በመገጣጠሚያ ውስጥ ሲከማች የሚመጣ ሕመም ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በድንገት፣ ሌሊት፣ የእግር አውራ ጣትን ይይዛል። በዕድሜ ምክንያት ጉልበትና ዳሌ ላይ የሚመጣው ሕመምም የተለየ ነው፤ እሱ ቀን ሲሠራበት የተዋለ መገጣጠሚያ ማታ የሚያመው ዓይነት ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ ከሁለቱም ይለያል። ትንንሾቹን መገጣጠሚያዎች፣ የጣት አንጓዎችን፣ የእጅ አንጓንና የእግር ጣቶችን ሥር ይመርጣል፤ ቀኝን ሲይዝ ግራንም ይይዛል። ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሱ ጣቶች ተሳስረው ይገኛሉ። ጡጫ መጨበጥ ያቅታል። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ፣ ጀበና አንስቶ ቡና መቅዳት፣ ሊጥ ማቡካት ከባድ ሥራ ይሆናል። ይህ መተሳሰር አምስት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ አይደለም፤ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ ረፋድ ይቆያል።

በሽታው በማንኛውም ዕድሜ ሊጀምር ይችላል፤ በብዛት የሚታየው ግን ከ30 እስከ 60 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ ነው። ሴቶችን ከወንዶች ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ያጠቃል። ብዙ ጥናት በተደረገባቸው የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ አገሮች ከ1,000 ሰዎች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ይታመማሉ።

መገጣጠሚያን ከውስጥ የሚሸፍን ስስ ሽፋን አለ። ጤነኛ ሲሆን የጥቂት ሕዋሳት ንጣፍ ብቻ ነው፤ መገጣጠሚያው እንደ ልብ እንዲንቀሳቀስ የሚያደርገውን ፈሳሽ የሚያመነጨውም እሱ ነው። በሩማቶይድ አርትራይተስ ጊዜ የሰውነት በሽታ መከላከያ ይህን ሽፋን ያጠቃዋል። ሽፋኑ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ይወፍራል፤ ውሎ ሲያድር የአጥንትን ጫፍ ወደሚሸፍነው ካርቲሌጅና ወደ አጥንቱ እየዘለቀ ይቦረቡራቸዋል። አጥንት አንዴ ከተቦረቦረ ወደ ነበረበት አይመለስም። ጉዳቱ በመገጣጠሚያም አያበቃም፤ ደም ማነስ ያመጣል፣ ሳንባንና ዓይንን ይነካል፣ ለልብ ሕመምም ያጋልጣል።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ ሰውነት ራሱን ማጥቃት እንዴት ይጀምራል? የበሽታ መከላከያችንን በግቢ በር ላይ እንደቆመ ጥበቃ አድርጋችሁ ተመልከቱት። ጥበቃው ነዋሪውን ከሌባ የሚለየው የሚቀርብለትን መታወቂያ እያየ ነው። መታወቂያው በትክክል ካልቀረበለት ወይም የነዋሪው መልክ ከተለወጠበት የቤቱን ሰው እንደ ሌባ ቆጥሮ ሊደበድብ ይችላል።

በሰውነታችን ውስጥ ይህን መታወቂያ የሚያቀርቡት ኤች ኤል ኤ የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። የሚገኙት በሕዋሳት ገጽ ላይ ነው። እያንዳንዳቸው በአናታቸው ላይ ጠባብ ስንጥቅ አላቸው፤ በዚያ ስንጥቅ ውስጥ ቁራጭ ፕሮቲን ይይዙና ቲ ሴል ለሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ያሳያሉ። ቲ ሴሉ የቀረበለትን ይመረምራል፤ የባክቴሪያ ወይም የቫይረስ ቁራጭ ከሆነ ጦርነት ያውጃል፤ የራስ ከሆነ ያልፈዋል።

እነዚህን ፕሮቲኖች የሚሠሩት ጂኖች የሚገኙት በክሮሞዞም 6 ላይ ነው። ከሰው ሰው እንደ እነሱ የሚለያዩ ጂኖች በሰውነታችን ውስጥ እምብዛም የሉም። ግማሹን ከእናታችን፣ ግማሹን ከአባታችን እንወርሳለን። አካል ለመለገስ ለጋሽና ተቀባይ ይመሳሰሉ እንደሆነ የሚመረመረውም በእነዚሁ ምክንያት ነው። የመጀመሪያውን የኤች ኤል ኤ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1958 ያገኘው ዣን ዶሴ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ሲሆን፣ በ1980 ከባሩህ ቤናሴራፍና ከጆርጅ ስኔል ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል።

ኤች ኤል ኤ ከበሽታ ጋር መያያዙ በግልጽ የታየው በ1973 ነው። በለንደንና በሎስ አንጀለስ የሚሠሩ ሁለት ቡድኖች፣ አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይተስ የሚባለው አከርካሪን የሚያደርቅ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ቢ27 የተባለውን የኤች ኤል ኤ ዓይነት እንደያዙ አሳዩ። ብዙም ሳይቆይ ፒተር ስታስትኒ የተባለው በዳላስ፣ ቴክሳስ የሚሠራ ተመራማሪ ፊቱን ወደ ሩማቶይድ አርትራይተስ አዞረ። በ1978 ባሳተመው ጥናት ዲአር4 የተባለው ዓይነት ከታማሚዎቹ ከአሥሩ በሰባቱ፣ ከጤነኞቹ ግን ከአሥሩ ወደ ሦስት በሚጠጉት ላይ ተገኘ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ከአሥር ጤነኛ ሰዎች ሦስቱ ያህል ይህን ጂን ይዘው በሰላም ይኖራሉ። ከአሥር ታማሚዎች ደግሞ ሦስቱ ሳይዙት ታመዋል። ስለዚህ ጂኑ ዕድልን ከፍ ያደርጋል እንጂ ፍርድ አይሰጥም።

በ1987 ግሬገርሰን፣ ሲልቨርና ዊንቸስተር የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ። ዲአር4 ሳይኖራቸው ሌላ ዓይነት ኤች ኤል ኤ ይዘው የታመሙ ሰዎች መኖራቸው ሲያከራክር ቆይቶ ነበር። ሦስቱ ተመራማሪዎች የእነዚህን ፕሮቲኖች አሠራር ፊደል በፊደል ሲያነጻጽሩ፣ ከበሽታው ጋር የተያያዙት ዓይነቶች ሁሉ በአንድ ትንሽ ቦታ ላይ እንደሚመሳሰሉ አዩ። ቦታው በፕሮቲኑ ሰንሰለት ላይ ከ70ኛው እስከ 74ኛው ያሉት አምስት አሚኖ አሲዶች ናቸው። ይህ ቦታ የሚገኘው ቁራጩ ፕሮቲን በሚቀመጥበት በዚያው ስንጥቅ ጠርዝ ላይ ነው። ስለዚህ የሚወረሰው ልዩነት ለቲ ሴል የሚቀርበው ምን እንደሆነ የሚወስን ልዩነት ነው ማለት ነው።

ታዲያ በዚያ ስንጥቅ ተይዞ የሚቀርበው ምንድን ነው? ሰውነታችን ሲቆጣ አንዳንድ ፕሮቲኖቹ ይለወጣሉ። አርጂኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ ሲትሩሊን ወደሚባል ሌላ ይቀየራል። ለውጡ በራሱ በሽታ አይደለም፤ በጤነኛ ሰውም ላይ ይደርሳል። ያንን ልዩ ቅርጽ በወረሱ ሰዎች ውስጥ ግን ኤች ኤል ኤ እነዚህን የተለወጡ ቁራጮች አጥብቆ ይዞ ያቀርባል። መልኩ የተለወጠው የራስ ፕሮቲን እንደ ባዕድ ይቆጠርና አንቲቦዲ የሚባል የመከላከያ ፕሮቲን ይሠራበታል። ዛሬ በደም ምርመራ ፀረ ሲሲፒ ተብሎ የሚፈለገው ይህ አንቲቦዲ ነው።

አንቲቦዲው ከሕመሙ ቀድሞ መታየቱ ደግሞ ሌላ ትልቅ ትምህርት ሰጥቷል። በኔዘርላንድስ ደም ይለግሱ የነበሩና በኋላ በሩማቶይድ አርትራይተስ የታመሙ ሰዎች ደም ከተቀመጠበት ወጥቶ ተመረመረ። በ2004 የታተመው ይህ ጥናት እንዳሳየው በግማሽ ያህሉ ደም ውስጥ ከበሽታው ጋር የተያያዙ አንቲቦዲዎች ምንም ምልክት ሳይሰማቸው ከዓመታት በፊት ጀምሮ ነበሩ። በሽታው ለታማሚዋ አንድ ጠዋት በድንገት የመጣባት ይመስላታል፤ በውስጧ ግን ብዙ ዓመት ሲዘጋጅ ቆይቷል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ፤ ዘር ምን ያህል ይወስናል? ይህን ለመመዘን ከመንትያዎች የተሻለ ምስክር የለም። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትያዎች ጂናቸው አንድ ዓይነት ነው። በሽታው ሙሉ በሙሉ በዘር የሚወሰን ቢሆን አንዱ ሲታመም ሌላውም ሁልጊዜ መታመም ነበረበት። በ1993 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት ግን እንዲህ ያሉ መንትያዎችን ተከታትሎ፣ አንዱ ሩማቶይድ አርትራይተስ ካለበት ሌላው የሚታመመው ከ100 በ15 ያህሉ ላይ ብቻ መሆኑን አገኘ። ከሁለት እንቁላል በተገኙ መንትያዎች ላይ ቁጥሩ ከ100 ወደ 4 ይወርዳል። ይህ ዘር ድርሻ እንዳለው በግልጽ ያሳያል። ከ100 ጥንዶች በ85ቱ ያው ጂን ያለው ወንድም ወይም እህት ጤነኛ ሆኖ መኖሩም ሌላውን ግማሽ ታሪክ ይነግረናል።

ሌላው ግማሽ ታሪክ የአኗኗርና የአካባቢ ነው። በሚገባ ከተጠኑት ምክንያቶች ቀዳሚው ትምባሆ ነው። የሲጋራ ጭስ ሳንባን ያስቆጣል፤ በተቆጣው ሳንባ ውስጥ ቅድም የጠቀስነው የፕሮቲን ለውጥ ይበረታል። በ2006 የስዊድን ተመራማሪዎች ያቀረቡት ውጤት እጅግ አስደናቂ ነው። አደገኛውን የኤች ኤል ኤ ቅርጽ ከእናትም ከአባትም የወረሱና የሚያጨሱ ሰዎች፣ ጂኑም ከሌላቸው ሲጋራም ከማያጨሱት ጋር ሲነጻጸሩ፣ አንቲቦዲ ያለበት ሩማቶይድ አርትራይተስ የመያዝ ዕድላቸው 21 እጥፍ ሆነ። ጂን ለብቻው፣ ጭስም ለብቻው እንዲህ ያለ ቁጥር አያመጡም። ሁለቱ ሲገናኙ ነው እሳት የሚነሳው።

ከትምባሆ ሌላ፣ ድንጋይ በሚፈለጥበትና በሚፈጭበት ቦታ የሚነሳውን የሲሊካ አቧራ ለረጅም ጊዜ መተንፈስ አደጋውን እንደሚጨምር ይታወቃል። ሥር የሰደደ የድድ በሽታም ከሩማቶይድ አርትራይተስ ጋር ግንኙነት አለው፤ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የሚባለው የድድ ባክቴሪያ ያንኑ የሲትሩሊን ለውጥ የሚያመጣ ኢንዛይም አለው። እንግዲህ ጂናችንን መምረጥ አንችልም፤ ሲጋራን መተው፣ በአቧራ ሥራ ላይ አፍና አፍንጫን በሚገባ መሸፈን፣ ጥርስንና ድድን መጠበቅ ግን በእጃችን ነው።

ሴቶች ለምን እንደሚበዙ ሲጠየቅ፣ የሆርሞንና የኤክስ ክሮሞዞም ድርሻ ይነሳል። ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ የታወቀ እውነት አለ። ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለባቸው ብዙ ሴቶች በእርግዝና ጊዜ ይሻላቸዋል፤ ከወለዱ በኋላ ባሉት ወራት ሕመሙ ተመልሶ ይነሳል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጀምራቸውም አሉ። በእኛ ዘንድ «አራስ ቤት ብርድ ገባት» ተብሎ የሚታለፈው የእጅ አንጓ እብጠት አንዳንዱ ይህ ሊሆን ይችላል። አሜሪካዊው ሐኪም ፊሊፕ ሄንች የእርጉዞቹን መሻል አስተውሎ፣ ሰውነት የሚያመነጨው አንድ ፈዋሽ ነገር አለ ብሎ ማሰቡ በ1948 ኮርቲዞን የተባለው ሆርሞን ለዚህ በሽታ እንዲሞከር ካደረሱት ነገሮች አንዱ ነው። በ1950 ከተመራማሪዎቹ ከኬንዳልና ከራይክስታይን ጋር ኖቤል ተሸለመ።

(አጭር ሙዚቃ)

ሩማቶይድ አርትራይተስ ብቻውን አይደለም። ሰውነት ራሱን የሚያጠቃባቸው በሽታዎች ብዙ ናቸው። ቆሽትን የሚያጠቃው የመጀመሪያው ዓይነት የስኳር በሽታ፣ ቆዳንና ኩላሊትን የሚጎዳው ሉፐስ፣ የታይሮይድ ዕጢን የሚያዳክሙ ወይም ከመጠን በላይ የሚያሠሩ ሕመሞች፣ የቆዳን ቀለም የሚያጠፋውና ብዙ ሰው ለምጽ የሚለው ቪቲሊጎ፣ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ናቸው። ቪቲሊጎን ካነሳን አይቀር፣ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። በአንድ ማዕድ መብላት፣ መጨባበጥ፣ አብሮ መተኛት አያስተላልፈውም።

እነዚህ በሽታዎች በጂን ይዛመዳሉ። በ2004 ፒቲፒኤን22 በተባለው ጂን ላይ የሚገኝ አንድ የፊደል ለውጥ ከሩማቶይድ አርትራይተስም ከመጀመሪያው ዓይነት ስኳርም ጋር መያያዙ ታወቀ፤ ቀጥሎም ከሉፐስና ከታይሮይድ ሕመም ጋር። በ2014 ደግሞ ከ100,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ዓለም አቀፍ ጥናት ለሩማቶይድ አርትራይተስ ብቻ 101 የዘረመል ቦታዎችን አቀረበ። ከኤች ኤል ኤ ውጭ ያሉት አብዛኞቹ እያንዳንዳቸው አደጋውን የሚጨምሩት በጥቂቱ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ እናት ሩማቶይድ፣ ልጅ ታይሮይድ፣ አክስት ቪቲሊጎ ኖሮባቸው ስታዩ፣ እርግማን ነው ብላችሁ አትደንግጡ። የሚጋሩት የተጋላጭነት ጂን ነው፤ በየትኛው አካል ላይ እንደሚወጣ ደግሞ ሌሎች ጂኖችና የየሰዉ ሕይወት ይወስናሉ።

የጂንና የአካባቢ ሽርክና ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ሴሊያክ በሚባለው የአንጀት በሽታ ነው። ይህ በሽታ ዲኪው2 ወይም ዲኪው8 የተባለውን ኤች ኤል ኤ ካልወረሱ በቀር እምብዛም አይመጣም። በአውሮፓ ከሦስት ሰዎች አንዱ ያህል ይህን ጂን ይይዛል፤ የሚታመመው ግን ከ100 አንዱ ያህል ነው። ቀስቃሹም በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ የሚገኘው ግሉተን ነው። ታማሚው ግሉተንን ከምግቡ ሲያወጣ አንጀቱ ያገግማል፤ ጂኑ እዚያው አለ፣ በሽታው ግን ይተኛል። የእኛ ጤፍ ግሉተን ስለሌለው ለእነዚህ ሰዎች ተስማሚ እህል ነው፤ ዱቄቱ ከስንዴ ወይም ከገብስ ጋር እስካልተደባለቀ ድረስ።

«እንዲህ ያለ ጎጂ ጂን ለምን ከሰው ዘር ውስጥ ሳይጠፋ ቀረ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ኤች ኤል ኤ የኖረው እኛን ከተላላፊ በሽታ ለመጠበቅ ነው። በ1991 በጋምቢያ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት ቢ53 የተባለው ዓይነት ከከባድ ወባ እንደሚከላከል አሳይቷል። አከርካሪን ለሚያደርቀው ሕመም የሚያጋልጠው ቢ27 ደግሞ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሰዎች ቫይረሱን ለረጅም ጊዜ እንዲቋቋሙ ይረዳል። በአንዱ በር የሚጎዳ ጂን በሌላው በር አባቶቻችንንና እናቶቻችንን ከሞት አትርፏል። ስለዚህ «መጥፎ ዘር» የሚባል ነገር የለም።

(አጭር ሙዚቃ)

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ሁሉ ምን ትርጉም አለው? በእስራኤል የሚገኙ የስኳር ሐኪሞች፣ ከኢትዮጵያ በሄዱ ቤተሰቦች ልጆች ላይ የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር በብዛት እንደሚታይ አስተውለው፣ በ2004 የእነዚህን ልጆች ኤች ኤል ኤና የአዲሱን አካባቢ ድርሻ አንድ ላይ የመረመረ ጥናት አሳትመዋል። ሰው አገር ሲቀይር ጂኑ አይቀየርም፤ የሚቀየረው ምግቡ፣ የሚያገኘው ተሕዋስና አኗኗሩ ነው። በ2020 ደግሞ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የአማራ ተወላጆች የሆኑ የስኳር ታማሚዎችን ኤች ኤል ኤ የመረመረ ጥናት ዲያቤቶሎጂያ በተባለው መጽሔት ወጥቷል። እንዲህ ያሉ ጥናቶች ያስፈልጉናል። ምክንያቱም የተጋላጭነት ጂኖች ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያሉ፤ ቅድም የጠቀስነው የፒቲፒኤን22 ለውጥ በአውሮፓውያን ዘንድ የተለመደ ሲሆን በአፍሪካውያንና በምሥራቅ እስያ ሰዎች ዘንድ የለም ማለት ይቻላል።

በአሜሪካና በአውሮፓ ለምትገኙ አድማጮቻችን ይህን ልብ በሉልኝ። ምራቅን በፖስታ ልኮ የዘረመል ውጤት መቀበል እዚያ ቀላል ሆኗል። ለእነዚህ በሽታዎች የሚሰጠው የአደጋ ግምት የተሠራው በአብዛኛው ከአውሮፓውያን በተሰበሰበ መረጃ ላይ ነው፤ ለአፍሪካ ተወላጅ ትክክለኛነቱ ይቀንሳል። ውጤቱ «አደጋ የለም» ስላለ የሚያብጥ አንጓን ችላ አትበሉ፤ «አደጋ አለ» ስላለም እንቅልፍ አትጡ። ለጤነኛ ሰው ሩማቶይድ አርትራይተስ ይይዘው እንደሆነ ለማወቅ የኤች ኤል ኤ ምርመራ ማድረግ ጥቅም የለውም።

«ልጆቼስ?» ላላችሁኝ እናቶች መልሴ ይህ ነው። የልጆቻችሁ ዕድል ከሌላው ሰው ይበልጣል፤ ብዙ ጊዜ ሦስት እጥፍ ያህል ይባላል። ነገር ግን መነሻው ከ100 አንድ ወይም ከዚያ በታች ስለሆነ፣ ሦስት እጥፉም ትንሽ ነው። ከ100 እንዲህ ያሉ ልጆች ከ90 በላይ የሚሆኑት በዚህ በሽታ አይያዙም። ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠር «የዚያ ቤት ልጆች የዘር በሽታ አለባቸው» ተብሎ የሚወራውም በሳይንስ መሠረት የለውም፤ ልጅን ከትዳር፣ እናትንም ከማኅበራዊ ኑሮ የሚያስቀር ወሬ ነው።

የሚጠበቅባችሁ ምልክቱን ማወቅና ፈጥኖ መታከም ነው። ሐኪም እጃችሁን ሲመረምር የሚያደርገውን ልንገራችሁ። አራቱን የጣት ሥሮች ከሁለት ጎን በመዳፉ ይዞ ቀስ አድርጎ ይጨምቃል። ጤነኛ እጅ ይህ አያመውም፤ የተቆጣ አንጓ ያለበት ሰው ግን ወዲያው ፊቱን ያጨማድዳል፤ ሲዳሰስም አንጓው አጥንት አጥንት ሳይሆን ልስልስና እብጥ ያለ ሆኖ ይሰማል። ከሁለት አንጓ በላይ አብጦ፣ ጠዋት ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይ መተሳሰር ኖሮ፣ ይህም ለሳምንታት ከቀጠለ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። በቤተሰብ ውስጥ ሩማቶይድ፣ ታይሮይድ፣ ሉፐስ ወይም የልጅነት ስኳር ካለ ለሐኪሙ ንገሩት። የዘር ታሪክ ለምርመራ ይጠቅማል፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ስለ መድኃኒት ሦስት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛ፣ ዳይክሎፌናክና መሰሎቹ ሕመም ያስታግሳሉ እንጂ አጥንቱን ከመቦርቦር አያድኑም፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳሉ። ሁለተኛ፣ ፕሬድኒሶሎንን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መዋጥ አደገኛ ነው፤ ስኳርና ግፊት ያመጣል፣ አጥንት ያሳሳል፤ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ደግሞ በድንገት ማቆም የለበትም። ሦስተኛ፣ የበሽታውን አካሄድ የሚገታው ዋናው መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ነው፤ የሚወሰደውም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በስሕተት በየቀኑ ወስደው ሕይወታቸውን ያጡ ሰዎች በተለያዩ አገሮች አሉ። ስለዚህ ቀኑን ወስናችሁ፣ ለቤተሰብም ተናግራችሁ፣ በካርዱ ላይ ጻፉት። ነፍሰ ጡር ሴትና ለማርገዝ ያሰበች ሴት ሜቶትሬክሴት መውሰድ የለባትም፤ አስቀድማ ከሐኪሟ ጋር ትነጋገር። በመርፌ የሚሰጡት አዳዲሶቹ መድኃኒቶች ተኝቶ የቆየ የሳንባ ነቀርሳን ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ፣ እነሱን ከመጀመር በፊት የቲቢ ምርመራ ያስፈልጋል።

ወጌሻ ያበጠን አንጓ ሲያሽ ወይም ሲጎትት መቆጣቱን ያባብሰዋል፤ መተኮስም ቁስልና ጠባሳ ከመተው በቀር ከውስጥ ያለውን ብግነት አይነካም። ፀበል የምትጠመቁ ወገኖቼ እምነታችሁን ያዙ፤ የታዘዘላችሁን መድኃኒት ግን አታቋርጡ፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕክምና ካገኘ ብዙ ሰው ጣቱ ሳይጎብጥ ሥራውን እየሠራ፣ ልጁን እያሳደገ ይኖራል። ከዘገየ ግን የተቦረቦረውን አጥንት የሚመልስ መድኃኒት እስካሁን የለም። ስለዚህ አደራ የምላችሁ ይህን ነው። በቤታችሁ፣ በጎረቤታችሁ ወይም በሥራ ቦታችሁ ጠዋት ጠዋት ጣቷ ተሳስሮ የምትቸገር ሰው ካለች፣ «ብርድ ነው፣ ይለቅሻል» ብላችሁ አትሸኟት። በዚህ ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይዛችኋት ሂዱ፤ የውስጥ ደዌ ሐኪም ይያት።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)